የብስክሌት ሽቦ እንዳያልቅ

ሥራዬን ያስቆመኝ ዓይኔ ነው። የቸርኬ ሽቦ ጫፍ ላይ ያለችው ጥርስ ድርብ ሆና ትታየኝ ጀመር። ለጥቂት ጊዜ በጣቴ እየዳሰስኩ ቀጠልኩ። ኋላ ግን የፊቱን ጎማ ሽቦ ከኋለኛው እያምታታሁ ሳቀብል ቸርኬ የምታቀናው እመቤት አየችኝና፣ «እትዬ አሰለፈች፣ አሁንስ ቤትዎ አረፍ ይበሉ፤ የምንጠይቀው ሲኖር እንመጣለን» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። እውነቱን በለሰለሰ አፍ የሚነግር ሰው ማግኘትም ዕድል ነው።

ብዙ ሰው ብስክሌት እጠግን የነበር ይመስለዋል። አልጠግንም ነበር። ቦንጋ ገበያ አጠገብ በጋሽ ወዳጆ ሱቅ ውስጥ የእኔ ሥራ ዕቃ መያዝ ነበር፤ ከዕቃውም ሁሉ በላይ ሽቦ። ብስክሌት ሲታይ ዓይን የሚገባው ጎማውና መሪው ነው። ሰውየውን ተሸክመው የሚሄዱት ግን እነዚያ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። አንዱ ሲበጠስ ጎረቤቱ የሱን ሸክም ይወስዳል። እሱም ይደክምና ይከተላል። ጥቂት ቆይቶ ቸርኬው እንደ ደረቀ ቆዳ ይጣመማል። ስለዚህ ሽቦ ያለቀበት ሱቅ ሌላው ዕቃ ሁሉ ቢሞላ ዋጋ የለውም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሽቦ እንዳያልቅ ስጠብቅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ዕቃ መያዝ የጀመርኩት ግን ቦንጋ ሳይሆን ደካ ነው። በወጣትነቴ እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ረዳት ንብረት ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። አለቃዬ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ ግን ከሥጋቸው የሚቆረጥ ይመስላቸዋል። «ያልወጣ ዕቃ አይጎድልም» ይሉ ነበር። ለገጠር ሠራተኞች የመጡት ብስክሌቶች ሽቦ አጥተው ከቢሮው ጀርባ ሣር ይበቅልባቸዋል፤ ሽቦው ደግሞ በካርቶን ታሽጎ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል። በመጨረሻ ፈቃድ ተገኝቶ ካርቶኑን ስከፍት፣ እርጥበት ገብቶበት ሽቦው ሁሉ በዝገት ተጣብቆ እንደ አንድ ግንድ ሆኗል። አለቃዬ አጠገቤ ቆመው አዩትና፣ «ለካ ቁጭ ብሎም ይጎድላል» አሉ። የዕቃ መግቢያና መውጫ ቅጾቹ፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝና ሞዴል ሃያ ሁለት፣ እንዴት እንደሚሞሉ እሳቸው አስተምረውኛል። ያቺ ቀን ያስተማረችኝ ግን ይበልጥ ጠቀመኝ።

ኋላ መዋቅር ተለወጠና የእኔ መደብ ታጠፈ። ሻንጣዬን ይዤ ቦንጋ እህቴ ቤት መጣሁ። ሥራ ፍለጋ ስዞር አንድ ቀን ገበያው አጠገብ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ትልቅ ጣሳ ሙሉ ሽቦ መሬት ላይ ደፍተው፣ አንድ በአንድ እያነሱ እየጣሉ ሲበሳጩ አየሁ።

«ምን ጠፋብዎ አባቴ?» አልኳቸው።

«ሽቦ።»

«ይሄ ሁሉ ሽቦ አይደለም እንዴ?»

«ሽቦ ነው። የዚህች ቸርኬ ሽቦ ግን እዚህ ውስጥ የለም።»

ነጠላዬን አሸርጬ ቁጭ አልኩና መለየት ጀመርኩ። ረጅሙን ከረጅሙ፣ አጭሩን ከአጭሩ፣ የዛገውን ለብቻ። የሚፈልጉት ከሥር ተቀብሮ ነበር። ሳገኝላቸው ሽቦውን ሳይሆን እኔን አዩኝና፣ «ነገም ና» አሉኝ። ጋሽ ወዳጆ እሳቸው ናቸው።

«ና» ያሉኝ ተሳስተው እንዳይመስላችሁ። ጋሽ ወዳጆ አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛቸው ውስጥ ወንድና ሴት ቦታ ይለዋወጣሉ። እኔን «አንተ» ይሉኛል፤ ቸርኬዋን «አንቺ»። መጀመሪያ ላይ ደንበኞች ይስቁ ነበር። ኋላ እኔም ለመድኩት፤ ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ እንግዳ ይሆንብኝ ጀመር።

ጣሳውን አስወገድኩ። ከገጠር ቀርከሃ አስመጥቼ በየአንጓው አስቆረጥኩና ለእያንዳንዱ ርዝመት አንድ አንድ ቀርከሃ ግድግዳው ላይ አቆምኩ። የበሩን መቃን በቢላ ጫር ጫር አድርጌ መለኪያ አበጀሁበት፤ ደንበኛ የተበጠሰ ሽቦ ይዞ ሲመጣ ከመቃኑ ጋር አስተያየዋለሁ፣ እጄ በቀጥታ ወደ ቀርከሃው ይሄዳል። የቦንጋ ጠላት ዝናብ ነው። ከዓመት ዓመት ጭጋግና እርጥበት አይለየንም። ስለዚህ ሽቦውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነካ ጨርቅ እያሸሁ ነበር የማስቀምጠው። ልብሴ ሁሉ ዘይት ዘይት ይሸት ስለነበር እህቴ፣ «ባል የምታገቢው ከነዳጅ ማደያ ነው» ትለኝ ነበር።

ጋሽ ወዳጆ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ቸርኬ ሲያቀኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ይነካሉ፤ የላላው ድምፁ ይወፍራል፣ የጠበቀው ይቀጥናል። ድምፁ እኩል እስኪሆን ድረስ ሽቦውን ከቸርኬው ጋር የምታያይዘውን ትንሽ ዳዶ በሩብ ዙር፣ ደግሞ ከሩብ ባነሰ እያዞሩ ያስተካክላሉ። በዚያ ሰዓት ባለሥልጣንም ቢመጣ ቀና አይሉም። አዲስ ሽቦ የገባባትን ቸርኬ ደግሞ በዕለቱ አይሰጡም። «ያላደረች ቸርኬ አትታመንም» ይላሉ። ደንበኛው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ዘመድ ቢልክ ከንቱ ነው። ጠዋት ሲመጡ አንዳንዱ ሽቦ በእርግጥም ላልቶ ይገኛል፤ እንደገና ያጠብቁታል፣ ከዚያ በኋላ ነው «ውሰዳት» የሚሉት። የተበጠሰ ሽቦ አይጥሉም። ጫፉን ሞርደው ወስፌ ያደርጉትና ሰፌድ ለሚሰፉ ሴቶች በነፃ ይሰጣሉ። ገበያ ውስጥ ባለፍን ቁጥር ከየመደቡ «ጋሽ ወዳጆ፣ ዕድሜ ይስጥልን!» የሚሉን በዚያ ወስፌ ነው።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የምትበልጥብን እመቤት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። በሕፃንነቷ ፖሊዮ ሁለት እግሯን ስላሰነፈባት በእጅ በሚሽከረከር ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ነው የምትሄደው። ያን ወንበር ይዛ የቦንጋን ዳገት ስትወጣ ያየ፣ ክንዷ የብረት ነው ይላል። ሳቋ ከሩቅ ይሰማል። ደሞ ተከራካሪ ናት። ጋሽ ወዳጆ ቸርኬዋን ለማሳደር ሲሉ፣ «ቸርኬው ይደር፤ እኔስ የት ልደር?» ብላ ታስቃቸዋለች፤ ያኔ ብቻ ነው ጥርሳቸው የሚታየው።

ሽቦ የማመጣው ከጅማ ነበር። በጠዋት ሚኒባስ ሄጄ፣ መርጬ፣ በማታው እመለሳለሁ። ጋሽ ወዳጆ እንዴት እንደሚመረጥ አሳይተውኛል፤ «ከየእስሩ መሐል መዝዘህ አጥፈው፣ መልሰህ አቅናው፣ ጥርሱ ላይ ዳዶ በጣትህ ብቻ አዙር፤ ከተንገራገጨ መልስ።» ለዓመታት ያለ ችግር ሄደልን።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተና ከጎጀብ ቁልቁለት ላይ ናዳ ወርዶ የጅማ መንገድ ተዘጋ። ቀርከሃዎቼ እየቀለሉ ሄዱ። አንዳንዱን ስወዘውዘው ድምፅ የማይሰጥ ሆነ። ብስክሌታቸው የቆመባቸው ሰዎች በየቀኑ ይመጣሉ። በዚህ መሐል አንድ ዘዋሪ ነጋዴ ሱቁ ደጃፍ ላይ ካርቶን አወረደ። ከፈተው። የሚያብለጨልጭ ሽቦ፤ እንደ ብር ዓይን ይወጋል። ጋሽ ወዳጆ አንዱን ሞርሳ ውስጥ አስረው አጠፉት፤ ታጠፈ። መለሱት፤ ተመለሰ። ሌላም ሌላም ሞከሩ። እኔም ዳዶ አዞርኩበት፤ ቅቤ የተቀባ ይመስል ገባ። «እግዜር ነው የላከው» አልን ሁለታችንም፤ ወሰድን።

ለሳምንታት ጋሽ ወዳጆ ቀና ሳይሉ ሠሩ። የመምህሩን፣ የማር ነጋዴውን፣ የተማሪዎቹን። የእመቤትንም የቀኝ ጎማ ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ሽቦ ሠሩላት። ብርሃኑን አይታ፣ «ጋሼ፣ ሙሽራ አደረጉኝ እኮ!» አለች። በማግሥቱ አክስቷ ሞተው ለለቅሶ ወደ ደካ ሄደች፤ ወንበሯን አይሱዙ ላይ አስጭና።

መጀመሪያ የወደቀው መምህሩ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጎማው ከሥሩ ታጠፈበት። አንድ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ በሌላው የተጣመመውን ቸርኬ ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። «ጋሽ ወዳጆ፣ ድንጋይ መትቼ ይሆን እንዴ? እኔም አላስተዋልኩም» አለ።

ጋሽ ወዳጆ ቸርኬውን ተቀብለው በሩ ላይ ብርሃን ወዳለበት ወሰዱት። ሽቦዎቹ ሁሉ የተበጠሱት በአንድ ቦታ ነው፤ አንገታቸው ላይ፣ ከመሐለኛው ብረት ጋር በሚታጠፉበት። ስብራቱ እንደ ጠመኔ የተቀነጠሰ ነው። ካልተሰበሩት አንዱን አወጡና በጥፍራቸው ከአንገቱ ላይ ያን የሚያብለጨልጭ ልባስ ፋቁት። ከሥሩ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ነበር። ሌላ አወጡ፤ እሱም እንደዚያው። እኛ የፈተንነው ገላውን ነው፤ ሕመሙ አንገቱ ላይ ነበር።

ጋሽ ወዳጆ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«አሰለፈች፣ ሱቁን ዝጋ» አሉኝ።

«ምን ልናደርግ ጋሼ?»

«ሁሉንም እናወጣለን። አንድ አይቀርም።»

«በምን እንተካዋለን? ሌላ እኮ የለንም!»

«ባዶ ቸርኬ ሰው አይጥልም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ልቤ ይሞቃል። እሁድ ጠዋት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ቄሱን ለመኑ፤ እኔ ደግሞ ጸሎት ቤታችን ሄጄ ፓስተሩን። ከቅዳሴ በኋላም ከስብከት በኋላም አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ተነገረ፤ «በዚህ ክረምት ጋሽ ወዳጆ ዘንድ የሚያብለጨልጭ ሽቦ ያስገባችሁ፣ እንዳትነዱ፤ እየገፋችሁ ሱቁ አድርሱ።» ሰው ብስክሌቱን እየጎተተ መጣ። ወደ ማንኪራ መንደር ደግሞ በእግራችን ሄድን፤ ጭቃው ጫማ የሚያስቀር ነው። እዚያ አንድ ንብ አናቢ ማሩን በብስክሌት ወደ ከተማ የሚያመላልስ ደንበኛ ነበረን። ሽቦውን አላስነካም አለ።

«ልጄ ሊያገባ ነው» አለ። «በዚህ በሚያብረቀርቀው ነው ሙሽሪትን የማመጣት!»

ጋሽ ወዳጆ በካፊኖኖ ረጋ ብለው ብዙ ነገሩት። ምን እንዳሉት ሁሉንም አልሰማሁም፤ ሰውየው ግን ቀስ በቀስ ፊቱ ተለወጠ፣ ብስክሌቱን ራሱ ገልብጦ አቆመልን። ስንመለስ አንድ እንስራ ማር አሸከመኝ። በኋላ ምን እንዳሉት ስጠይቃቸው፣ «ሙሽራይቱ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቅኩት፤ እናቷ ፊት እንዴት ትቆማለህ አልኩት» አሉኝ።

እመቤትን ግን ልናገኛት አልቻልንም። ስልኳ ዝግ ነው። የደካ ሚኒባስ ሹፌር ዘንድ ሄጄ፣ «ለቅሶ ቤቱ ድረስ ሂድልኝ፤ ወንበሩ ላይ እንዳትወጣ በላት» ብዬ አደራ አልኩት። «እሺ እትዬ» አለ። ጋሽ ወዳጆ በዚያው ሰዓት ሊሳፈሩ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ባዶ እጃችንን ሄደን ምን እናደርግላታለን? እግሯ እኮ ያ ወንበር ነው። «እኔ ጅማ ልሂድና ሽቦ ላምጣ፤ ከዚያ አብረን እንሄዳለን» አልኳቸው።

ናዳው ድረስ በሚኒባስ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህና ወዲያ መኪና ተደርድሮ፣ ሰው ከሰሞኑ መሐሉን በእግር መሻገር ጀምሯል። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። የማላውቀው ጎልማሳ እጄን ይዞ አሻገረኝ፤ ከዚያ ማዶ ሌላ መኪና ይዤ ጅማ ገባሁ። ነባሩ ነጋዴያችን ዘንድ የእስሩን ሁሉ አንገት በጥፍሬ እየፋቅኩ ስመረምር፣ «ዛሬ ምን ሆነሻል?» አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። ሰማኝና ወደ ጓዳ ገብቶ ለብቻው ያስቀመጠውን አወጣልኝ፤ ብርሃን የሌለው፣ ግራጫ ሽቦ። ሳጣጥፈው ክርር ብሎ እንቢ የሚል። ከሱ ወሰድኩ።

ስመለስ ናዳው ላይ ሁለቱም እጄ ለመደገፊያ እንዲቀርልኝ ሽቦውን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ በነጠላ ጀርባዬ ላይ አሰርኩት። መሐል ላይ አንዲት ሴት ከኋላዬ፣ «እናት፣ ኧረ የልጁን ፊት ግለጪለት፣ ይታፈናል!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞረ። «ልጅ አይደለም፣ ሽቦ ነው» ብል ማን ይስማኝ? ጠጋ ብላ ገልጣ አየችና፣ ጭቃው ውስጥ ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሳምንት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ከጋሽ ወዳጆ ጋር ደካ ደረስን። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ለቀስተኛው መሐል እመቤትን በዓይኔ ፈለግኳት፤ የለችም። ወደ ቤት ስንዘልቅ መደብ ላይ ተጋድማለች። ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ ጣቶቿ በወጌሻ ቀርከሃ ታስሯል። የሚሰፋው እጇ።

ሹፌሩ መልእክቱን መናኸሪያ ላይ ላገኘው ሰው ሰጥቶ፣ ያ ሰውም ለሌላ ሰጥቶ፣ መንገድ ላይ ቀርቷል። እሷ ለድንኳኑ የጎደለ ነገር ልግዛ ብላ ወደ ገበያ ቁልቁል ስትወርድ ጎማው ታጥፎ ጥሏታል።

ጋሽ ወዳጆ መደቡ ሥር በጉልበታቸው ተንበርክከው የታሰረውን እጇን ሳሙ።

«ኧረ ጋሼ! ምነው? ይነሡ እንጂ!» አለች ልትነሣ እየታገለች። «እርስዎ አልጣሉኝም።»

«የኔ ሽቦ ነው የጣለህ።»

«መልእክቱ ቢደርሰኝስ ቁጭ የምል ይመስልዎታል? መቼ ሰምቼ አውቃለሁ!» አለች። ልታጽናናቸው ብላ ነው። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስፌት እንጀራዋ ነው።

ጋሽ ወዳጆ ወጡና የተጣመመውን ጎማ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ይዘው ተቀመጡ። ቸርኬውን እግራቸው ላይ እያንከባለሉ ቀን ሙሉ አቀኑት፤ እኔ ሽቦ አቀብላለሁ። ለቀስተኞቹ በየተራ እየመጡ ይይዙላቸዋል። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው አሳደሩት። ጠዋት እመቤትን ደግፈን አውጥተን አጠገባቸው አስቀመጥናት። ጋሽ ወዳጆ ጎማውን እያዞሩ ሽቦዎቹን ሲነኩ፣ ድንገት፣ «ይሄኛው ላልቷል» አለች።

«የቱ?»

«አሁን ያለፉት። ድምፁ ከጓደኞቹ ወፍሯል።»

መልሰው ነኩት። አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉና መፍቻውን በግራ እጇ አስያዟት። ዳዶዋን ራሷ አዞረች። ጋሽ ወዳጆ እንደገና ነኩትና ለረጅም ጊዜ ፊቷን አዩ።

እጇ ዳነ፤ ግን ጠሞ ዳነ። ጨርቅ መምራት አቃተው። የስፌት መኪናዋን ለእህቷ ልጅ ሰጥታ ቤት ተቀመጠች። ያ ሁሉ ሳቅ ጠፋ። ጋሽ ወዳጆ ቤቷ ድረስ ሄደው፣ «ሱቅ ና፤ ቸርኬ አስተምርሃለሁ» አሏት። አብሬያቸው ነበርኩ። እንቢ አለች።

«ጋሼ፣ ስላዘኑልኝ ከሆነ አልመጣም። በየቀኑ እያዩኝ እንዲያዝኑ አልፈልግም። ጆሮዬን ፈልገው ከሆነ ግን ይንገሩኝ።»

ጋሽ ወዳጆ ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው። «ማዘንስ አዝኛለሁ» አሉ። «ጆሮህንም እፈልጋለሁ። የኔ ጆሮ እያረጀ ነው፤ ወፍራሙን ከቀጭኑ መለየት እያቃተኝ ነው። ለአሰለፈች እንኳ አልነገርኩም።»

እኔም ያኔ ነው የሰማሁት። እመቤት ሳምንቱ ሳያልቅ መጣች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥራ ዘመኔ መልካሞቹ ናቸው። እሷ ትሠራለች፣ ጋሽ ወዳጆ አጠገቧ በርጩማቸው ላይ ሆነው ያያሉ፣ እኔ አቀብላለሁ። ሳቋም ተመለሰ። ባጃጅና ሞተር ሳይክል እየበዛ ሲሄድ ብስክሌት ቀነሰ፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አንድ ደንበኛ አይመጣም። በሱ ቦታ ግን ከየወረዳው እንደ እመቤት ያሉ ሰዎች ወንበራቸውን በአይሱዙና በሚኒባስ ጣሪያ እያስጫኑ መምጣት ጀመሩ። ወንበራቸው ሽቦ አጥቶ ለዓመታት ቤት የዋሉ ነበሩባቸው። አንዷ ከጨታ የመጣች ሴት ጎማው ተሠርቶላት ገበያውን ዞራ ስትመለስ፣ ምንም አልገዛችም። «ዝም ብዬ ዞሬ ነው» አለችን።

ጋሽ ወዳጆ እየደከሙ ሄዱ። አንድ ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነበረባቸውና ባጃጅ ልጥራ ስል እንቢ አሉ። «ያንገጫግጨኛል፤ አጥንቴን ያመኛል» አሉ። እመቤት ያኔ ከወንበሯ ላይ እጇን ተደግፋ በርጩማው ላይ ወረደችና፣ «ይቀመጡ» አለቻቸው።

«አንተስ?»

«እኔ ሥራ አለብኝ። የት እሄዳለሁ?»

ተቀመጡ። ከኋላ እየገፋሁ ወሰድኳቸው። ሦስቱንም ጎማ ከዳር እስከ ዳር ራሷ የሠራችው ነበር። መንገዱ ኮብልስቶን ነው፤ ጎማው ግን እንደ ውኃ ይፈሳል። ገበያው ጋ ስንደርስ አንገታቸው ወደ ደረታቸው ዘንበል ሲል አየሁና ደነገጥኩ። ጎንበስ ብዬ ሳይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሰው «ጋሽ ወዳጆ እንዴት ዋሉ!» ሊል ሲጠጋ በእጄ ዝም አሰኘሁ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ደርሼ እንኳ ልቀሰቅሳቸው አልጨከንኩም፤ ዛፍ ጥላ ሥር አቁሜያቸው ራሳቸው እስኪነቁ ጠበቅሁ።

ከዚያ ብዙም አልቆዩ። ቤታቸው፣ ልጆቻቸው መሐል አረፉ። ሱቁን ለእመቤት ነው የተናዘዙላት፤ ልጆቻቸውም ቃላቸውን አከበሩ።

እኔ ቤት ከዋልኩ በኋላ ሽቦ ማን ያመጣል የሚለው አሳሰበኝ። እመቤት፣ «እኔ ጅማ እሄዳለሁ» አለች። ወንበሯ ጣሪያ ላይ ተጭኖ፣ እሷን ረዳቱ ተሸክሞ፣ በማታውቀው ከተማ፤ ሌላ ሰው እንላክ ብዬ ለመንኳት። «እትዬ፣ የሌላ ሰው ጥፍር አላምንም» አለችኝ። ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ጀምሬ መናኸሪያ ተቀመጥኩ። እያንዳንዱ ሚኒባስ ሲገባ እነሣለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። አንዱ ጣሪያ ላይ ወንበሯን ሳይ ልቤ ተመለሰ። ረዳቱ ወንበሩን አወረደ፤ ቀጥሎ እሷን አውርዶ አስቀመጣት። የሽቦው እስር ጭኗ ላይ ነው፤ ሁለት እጇን ጭናበታለች።

«እንዴት ሆነልሽ?» አልኳት።

«የመጀመሪያውን እስር አልወደድኩትም፤ አስመለስኩት።»

«ሁለተኛውንስ?»

«እሱንም።»

«ሰውየው አልተቆጣሽም?»

«ተቆጣ እንጂ! ከዚያ ሻይ አዘዘልኝ።» ድካሟ ከፊቷ ላይ ይነበባል፤ ሳቋ ግን መናኸሪያውን ሞላው።

ወንበሩን ይዤ ወደ ዳገቱ ስዞር ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ቶሎ ነጠላዬን አውልቄ ሽቦውን ጠቀለልኩት፤ ዳር ዳሩን ጠብታ እንዳይገባው አጣጠፍኩት። እመቤት ቀና ብላ አየችኝ። ውኃው በግንባሯ ላይ ይወርዳል።

«እኔንስ እትዬ?» አለች።

እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። የነጠላውን ግማሽ ፈታሁና እሷንም ሽቦውንም አብሬ ሸፈንኳቸው፤ ዳገቱንም ቀስ እያልን ወጣነው።